ጥሩር ሰብሳቢው የጋዜጣ ከበርቴ፦ የዊልያም ራንዶልፍ ሄርስት የሕይወት ታሪክ

ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው የዊልያም ራንዶልፍ ሄርስትን ስም ገና በመጀመሪያው ዓመት ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ግን በክፉ ነው። ቢጫ ጋዜጠኝነት ሲነሳ እሱ ይነሳል፤ ጋዜጣ ለመሸጥ ሲባል ዜናን ማጋነን፣ አልፎም መፈብረክ ሲነሳ እሱ ይነሳል። እኛም ስሙን ከጆሴፍ ፑሊትዘር ስም ጎን እንጽፍና ፈተናችንን እናልፋለን፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይሁን እንጂ ሰውዬው ሌላም ሕይወት ነበረው። ሄርስት በዘመኑ ከነበሩት የጥንት የጦር መሣሪያና የጥሩር ሰብሳቢዎች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። ባላባቶች የለበሱትን የብረት ልብስ፣ የራስ ቁሩን፣ ሰይፉን፣ ከ300 እና ከ400 ዓመት በፊት የተሠራውን ጠመንጃ በዓለም ዙሪያ እያስፈለገ የሚገዛ ሰው ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ሕይወቶች አንድ ላይ ላወራላችሁ ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት የሚገኘው ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ይመስለኛል። ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

የማዕድን ከበርቴው ልጅ

ሄርስት የተወለደው ሚያዝያ መጨረሻ 1863 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አባቱ ጆርጅ ሄርስት ብዙም ያልተማረ፣ ግን ድንጋይ አይቶ ከሥሩ ያለውን የሚያውቅ የማዕድን ሰው ነበር። ከኔቫዳ ብር፣ ከደቡብ ዳኮታ ወርቅ፣ ከሞንታና መዳብ እያወጣ ከታላላቅ ባለጸጎች ተርታ ገባ፤ በኋላም የአሜሪካ ሴናተር ሆነ። እናቱ ፊቢ ሄርስት ደግሞ የመምህርነት ሙያ የነበራት፣ ለትምህርትና ለጥበብ ትልቅ ፍቅር ያላት ሴት ነበረች። ዊልያም የሁለቱ አንድ ልጅ ነው። መቼም ያንድ ሀብታም አንድ ልጅ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው እናቱ አውሮፓን ልታሳየው ይዛው ሄደች። ጉዞው ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀ ነበር። እናትና ልጅ ከአገር አገር እየተዘዋወሩ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ሙዚየሞችንና የድሮ ግንቦችን ጎበኙ። በእነዚያ ግንቦች አዳራሽ ውስጥ ጥሩር ለብሰው የቆሙ የሚመስሉ ባዶ የብረት ሰዎች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ጎራዴዎችና ጋሻዎች ነበሩ። ልጁ የእንግሊዝ ነገሥታት የሚኖሩበትን የዊንድሰር ግንብ አይቶ እዚያ ለመኖር እንደተመኘ ይነገራል። ሌላው ልጅ እንዲህ ያለውን ምኞት ሲያድግ ይረሳዋል። እሱ ግን ገንዘቡም ስለነበረው አልረሳውም።

ወጣት ሲሆን ሃርቫርድ ገባ። እዚያ ከትምህርቱ ይልቅ የወደደው የተማሪዎቹን የቀልድ መጽሔት ሥራ ነበር፤ የመጽሔቱን ገንዘብ የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። ቀልዱና ፈንጠዝያው ግን ከልክ አለፈና ዲግሪውን ሳይዝ ተባረረ። አባቱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ኤግዛሚነር የሚባል የሚከስር ጋዜጣ በእጁ ነበር። ልጁ ጋዜጣውን ስጠኝ ብሎ ለመነ። በ1887 በ23 ዓመቱ ተረከበው። ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነበር ማለት ነው።

አንድ ሳንቲም የሚሸጠው ጋዜጣ

ሄርስት ጋዜጣ መሥራት ያውቅ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥሩ ጸሐፊዎችን በጥሩ ደመወዝ ቀጠረ፣ አዳዲስ ማተሚያ ማሽኖች ገዛ፣ ሙስናን የሚያጋልጡ ዘገባዎች አወጣ። ሴት ሪፖርተሮችንም አሠርቷል። በ1900 ጋልቨስተን የምትባለው የቴክሳስ ከተማ በማዕበል ስትጠፋ ዊኒፍሬድ ብላክ የምትባል ዘጋቢው የወንድ ልጅ ልብስ ለብሳ ጥበቃውን አልፋ ገብታ ዘግባለች፤ የሄርስት ጋዜጦችም ለተጎጂዎቹ ዕርዳታ የጫኑ ባቡሮች ልከዋል።

አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ከመዳብ ማዕድኑ የነበራትን ድርሻ ሸጣ 7 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሰጠችው። በዚህ ገንዘብ በ1895 ኒው ዮርክ ገብቶ ጆርናል የሚባለውን ጋዜጣ ገዛ። በከተማዋ ገናና የነበረው የፑሊትዘር ጋዜጣ ወርልድ ነው፤ ዋጋው ሁለት ሳንቲም። ሄርስት ጆርናልን በአንድ ሳንቲም ሸጠ። የፑሊትዘርን ምርጥ ጸሐፊዎችም በደመወዝ እያማለለ ወሰዳቸው። ከወሰዳቸው መካከል አንዱ ቢጫ ቀሚስ የለበሰ የመንደር ሕፃን የሚስለው ሠዓሊ ሪቻርድ አውትኮልት ነበር። ፑሊትዘር ሌላ ሠዓሊ ቀጥሮ ያንኑ ሕፃን ማሣሉን ቀጠለ። ሁለቱ ጋዜጦች በአንድ ቢጫ ሕፃን ሲጣሉ የጋዜጠኝነታቸው ዓይነት ቢጫ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

ከሁሉ የከፋው የኩባ ጉዳይ ነው። ኩባ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ሕዝቡም አምጿል። በደሉ እውነተኛ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰው በተከማቸበት ጣቢያ በረሃብና በበሽታ አልቋል። ሄርስት ግን እውነቱ አልበቃውም። በ1897 የካቲት ላይ ጆርናል አንድ ሥዕል አወጣ፤ የስፔን መኮንኖች በአሜሪካ መርከብ ላይ አንዲትን ኩባዊት ወጣት ልብሷን አስወልቀው ሲፈትሿት ያሳያል። አሜሪካ በቁጣ ነደደች። በኋላ ወጣቷ ስትጠየቅ የፈተሿት ሴቶች መሆናቸውን ተናገረች። ዘገባውን የላከው ሪቻርድ ሃርዲንግ ዴቪስ ወንዶች ፈተሿት ብሎ አልጻፈም ነበር፤ ሠዓሊው ፍሬደሪክ ሬሚንግተን ኒው ዮርክ ቁጭ ብሎ በግምት የሣለው ነው። ዴቪስ ተናዶ ከዚያ በኋላ ለሄርስት አልጻፈም።

በ1898 የካቲት 15 ሜይን የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈነዳች፤ ከ260 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ጆርናል ግን የጠላት ሥራ ነው ብሎ ወዲያው ፈረደ፤ ወንጀለኛውን ለሚያሳይም 50 ሺህ ዶላር ሽልማት አወጀ። ስርጭቱ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ደረሰ። በሚያዝያ ጦርነት ታወጀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1976፣ የአሜሪካው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ያስጠናው ጥናት ፍንዳታው ከመርከቧ ውስጥ የተነሳ፣ ምናልባትም የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም ሲል ደመደመ። ጦርነቱን ያመጣው ሄርስት ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ፖለቲካውም ነጋዴውም የራሱ ፍላጎት ነበረው። እሳቱ ላይ ጭድ ሲጨምር እንደነበር ግን አከራካሪ አይደለም።

ሰውዬው ጦርነቱን ራሱ ሊያይ ኩባ ድረስ በመርከብ ሄደ። ኤል ካኔ በተባለው ውጊያ ዘጋቢው ጄምስ ክሪልማን ሲቆስል ሄርስት አጠገቡ ተንበርክኮ የቆሰለው ሰው የሚነግረውን ዜና በደብተር ይጽፍ ነበር። ይህን የነገረን ክሪልማን ራሱ ነው።

ጥሩርና ጠመንጃ መሰብሰብ ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ስለ መሰብሰቡ ሥራ እናውራ፤ ካልሆነ የሄርስት ሁለተኛ ሕይወት አይገባንም።

ጥሩር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰው ሊንቀሳቀስበት የማይችል ከባድ ብረት ነው። እንደዚያ አይደለም። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን ለጦር ሜዳ የተሠራ ሙሉ የብረት ልብስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱም በመላ አካል ላይ ስለሚከፋፈል የለበሰው ሰው ፈረስ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል። ለፈረስ ጨዋታ ውድድር የሚሠራው ግን ከዚህ ይበልጥ ይከብዳል። ጥሩ ጥሩር የሚሠሩት ከተሞች የታወቁ ናቸው፦ በጣሊያን ሚላን፣ በጀርመን ኑረምበርግና አውግስበርግ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ያቋቋመው የግሪኒች የንጉሥ ቤት አውደ ጥናት። ቀጥቃጩ ሥራውን ሲጨርስ የራሱን ምልክት ብረቱ ላይ ይመታል። በኑረምበርግ ደግሞ የሙያ ማኅበሩ መርማሪዎች ሥራውን አይተው ካለፈ የከተማዋን ማኅተም ያትሙበታል። ያልተፈተነ ብረት ማኅተም የለውም ማለት ነው።

ጠመንጃውም እንዲሁ ነው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ጠመንጃዎች አባቶቻችን ከያዙት ውጅግራና ምንሽር በብዙ መቶ ዓመት የሚቀድሙ ናቸው። መጀመሪያ የነበረው የሚጨስ ክር ባሩዱ ላይ እያሳረፉ የሚተኮሰው ነው፤ ዝናብ ከመጣ አበቃለት። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባለ መንኮራኩሩ መጣ። ሞላው በቁልፍ ይጠመዘዛል፤ ቃታው ሲሳብ ጠርዟ ሻካራ የሆነች የብረት መንኮራኩር ትሽከረከርና ፓይራይት ከሚባል ማዕድን ጋር ትፋጫለች፤ ብልጭታው ባሩዱን ያቀጣጥላል። አሠራሩ እንደ ሰዓት ረቂቅ ስለሆነ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ የመሳፍንት የአደን ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሰደፋቸው በአጥንትና በቀንድ የተለበጠ፣ አፈሙዛቸው የተቀረጸ። በኋላ ርካሹ ባለ ባልጩት መጣና ተካው።

ታዲያ ሰብሳቢው ዋና ሥራው ገንዘብ መክፈል አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ይህን ማን ሠራው? ምልክቱ የት አለ? ከዚህ በፊት የማን ነበር፣ ከየት ግንብ ወጣ? ከእኔ በፊት የሸጠው ማነው? ደግሞ ትልቁ ጥያቄ፦ ሙሉው የአንድ ሰው ጥሩር ነው ወይስ ክንዱ ከአንዱ፣ ደረቱ ከሌላው፣ ጉልበቱ ከሦስተኛው ተለቃቅሞ የተገጣጠመ? በ19ኛው መቶ ዘመን የጥሩር ገበያ ሲደራ አስመስለው የሚሠሩ ብልህ ቀጥቃጮች ተነሱ። አዲሱን ብረት በአሲድ ያዝጉታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ከጥንት ግንብ ወጣ ብለው ይሸጡታል። ይህን ለመለየት ሰብሳቢው የብረቱን ውስጠኛ ገጽታ፣ የመዶሻውን ምት፣ የምስማሩን ቀዳዳ፣ ጥንታዊው ቆዳ የታሰረበትን ቦታ ማየት አለበት። ውጩ ያማረ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። የሚያብለጨልጨውን ደረት ገልብጦ ጀርባውን ያላየ ሰብሳቢ ይከስራል።

ሰብሳቢው ሄርስት

ሄርስት መሰብሰብ የጀመረው ወጣት ሳለ ነው፤ በሰፊው የገባበት ግን ኒው ዮርክ ከተደላደለ በኋላ ነው። በከተማዋ ክላረንደን በሚባል ሕንፃ የላይኛዎቹን ፎቆች ተከራይቶ ጥሩሮቹንና ትልልቅ የግድግዳ ምንጣፎቹን አስገባ። ቦታው ጠበበው። ጣሪያው ከፍ እንዲል ፎቆቹ ይቀላቀሉልኝ ሲል ባለ ሕንፃው እንቢ አለ። ሄርስት ምን አደረገ? በ1913 ሕንፃውን በሙሉ ገዛና እንዳሻው አፈረሰው።

በ1919 እናቱ ስትሞት ሰፊው የቤተሰብ ርስት በእጁ ገባ። በዚያው ዓመት አርክቴክት ጁሊያ ሞርጋንን ጠርቶ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሲሚዮን ተራራ ላይ የግንቡን ሥራ አስጀመረ። 28 ዓመት ተሠራ፤ 165 ክፍሎች አሉት፤ ያም ሆኖ አላለቀም። በ1925 ደግሞ በዌልስ ባህር ዳር የሚገኘውን ጥንታዊውን የሴንት ዶናትስ ግንብ በወኪል ገዛ። ግንቡን በዓይኑ ያየው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ነው። ምርጥ ጥሩሮቹን፣ ሰይፎቹንና ጠመንጃዎቹን እዚያ አስደረደረ። የሚያሳዝነው ግን በዚያ ግንብ ውስጥ በሕይወቱ ያሳለፈው ጊዜ ቢደመር አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

አገዛዙ እንዲህ ነበር። የጨረታ ካታሎጎች ከለንደን፣ ከፓሪስ፣ ከኒው ዮርክ ይመጡለታል። እንደ ጋዜጣ ማረሚያ እየገለጠ ያነባቸዋል፤ የፈለገውን ያመለክትና ለወኪሎቹ ቴሌግራም ይልካል። የተገዛው ዕቃ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ወደሚገኘው መጋዘኑ ይሄዳል። እዚያ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከማን እንደተገዛና ስንት እንደተከፈለበት ይመዘገባል። ብዙው ዕቃ ከሳጥኑ ሳይወጣ ዓመታት ኖሯል። ከስፔን ያስመጣው አንድ የ12ኛው መቶ ዘመን ገዳም ተፈርቶ ከ10 ሺህ በላይ ሳጥኖች ሞልቶ መጥቶ ነበር። እሱ በሕይወት እያለ አንድም ቀን ተገጣጥሞ አላየውም፤ የተተከለው ከሞተ በኋላ በማያሚ ነው።

ከጥሩሮቹ አንዱን ብቻ ላንሳ። አቫንት የሚባል ጥሩር አለ፤ በ1440 ገደማ በሚላን የተሠራ፣ በዓለም ላይ ካሉት ሙሉ ሊባሉ ከሚችሉ ጥሩሮች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል የሚቆጠር። ስሙን ያገኘው ብረቱ ላይ ከተጻፈው ቃል ነው፤ ትርጉሙ ወደፊት ማለት ነው። በቲሮል ተራሮች፣ ቹርቡርግ በሚባል ግንብ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጦ ኖሯል። ኮሪዮ የሚባሉት ቤተሰቦች አውደ ጥናት ቀጥቃጮች እያንዳንዱ ክፍል ላይ ምልክታቸውን መትተውበታል። ስለዚህ ከ500 ዓመት በኋላ እንኳ ይህን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ ብረቱ ራሱ ይመልሳል። ይህ ጥሩር የሄርስት ነበር።

አሁን ሁለቱን ሕይወቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ለአንድ ጥሩር ከየት መጣ፣ ማን ሠራው፣ የማን ነበር የሚል መዝገብ የሚያስይዘው ሰው፣ ስለዚያች ኩባዊት ወጣት ሥዕል ያንኑ ጥያቄ አልጠየቀም። ሥዕሉን ማን ሣለው? ሠዓሊው ቦታው ላይ ነበር ወይ? ዘጋቢው የጻፈው ይህንኑ ነው? ሦስት ጥያቄ ነበር። ስለ ሜይን ፍንዳታም እንዲሁ። አንድ የተገጣጠመ ጥሩር ቢሸጥለት የሚከስረው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። የተገጣጠመ ዜና የሸጠ ጊዜ ግን የከሰረው ሌላ ሰው ነው፤ እሱማ አተረፈ። ልዩነቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ጥንቃቄ አያውቅም ነበር እንዳንል ሲገዛ ይጠነቀቅ ነበር። ሲሸጥ ነው ጥንቃቄውን የተወው።

ሙሶሊኒ፣ ዕዳና የዋጋ ወረቀት

ሄርስት ፖለቲካውንም ሞክሯል። ከ1903 እስከ 1907 የኮንግረስ አባል ሆኖ ሠርቷል፤ የኒው ዮርክ ከንቲባና አገረ ገዥ ለመሆን ተወዳድሮ በ1905 እና በ1906 ተሸንፏል። የጋዜጦቹ ቁጥር ግን እያደገ ሄዶ 28 ደርሶ ነበር፤ መጽሔቶች፣ የዜና አገልግሎት፣ ራዲዮና የፊልም ኩባንያም ነበሩት። ከባለቤቱ ከሚሊሰንት አምስት ወንዶች ልጆች ወልዷል፤ የኋለኛውን ዕድሜውን ግን ያሳለፈው ከፊልም ተዋናይቷ ከማሪዮን ዴቪስ ጋር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ልናውቀው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሄርስት ጋዜጦች ቤኒቶ ሙሶሊኒን ገንዘብ እየከፈሉ ያጽፉት ነበር። የአሜሪካ አንባቢ የፋሺስቱን መሪ ሐሳብ እንደ አንድ ዓምደኛ ቁርሱን እየበላ ያነብ ነበር ማለት ነው። በ1934 ሄርስት በርሊን ሄዶ ሂትለርንም አነጋግሯል። በ1935 ጥቅምት የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። ያንን ሁሉ ዓምድ የሰጠው አሳታሚ የጥንት ጎራዴ ላይ ዝገት ሲያይ ይጨነቅ የነበረው ሰው ነው።

ዘመኑ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነበር። ማስታወቂያ ቀነሰ፤ አንባቢም በጋዜጦቹ አቋም ተናዶ መሸሽ ጀመረ። ሄርስት ግን መግዛቱን አላቆመም። በ1937 ኩባንያዎቹ ወደ 126 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ ውስጥ መግባታቸው ታወቀ። አበዳሪዎቹ ሥልጣኑን ነጥቀው ለባለ አደራ ሰጡት። በ74 ዓመቱ በራሱ ጋዜጣ ላይ አዛዥ መሆኑ ቀረና ወጪው የሚቆረጥለት ሰው ሆነ። በዚያን ቀን ማሪዮን ዴቪስ ጌጣጌጧንና ንብረቷን ሸጣና አስይዛ አንድ ሚሊዮን ዶላር አበደረችው። ሰው በጠፋበት ሰዓት የቆመችለት እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሐራጁ ተጀመረ። የሴንት ዶናትስ ግንብ ለሽያጭ ቀረበ፤ ጥሩሮቹና ጠመንጃዎቹ በየጨረታው ተበተኑ። ዕቃው እንዲህ በዝቶ በጨረታ ብቻ አላልቅ ሲል በ1941 መጀመሪያ ላይ ጊምበልስ የሚባለው የኒው ዮርክ ትልቅ መደብር አንድ ፎቁን ለሄርስት ዕቃ ለቀቀ። ጨርቅና ድስት የሚሸጥበት ቤት ነው እንግዲህ። ጥንታዊው ዕቃ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎበት ለማንኛውም መንገደኛ ቀረበ። ሥራ የጨረሰ ጸሐፊም፣ ለልጇ ጫማ ልትገዛ የመጣች እናትም ቆመው አዩት።

በዚያው በ1941 ወጣቱ ኦርሰን ዌልስ ሲቲዝን ኬን የተባለውን ፊልም አወጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጣ ያለው፣ ግንብ የሠራ፣ ያልተከፈቱ ሳጥኖች ያከማቸ ሀብታም ነው። ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ሄርስት በጋዜጦቹ ላይ የፊልሙ ስም እንዳይነሳ ከለከለ። ዜና በመፍጠር የታወቀው ሰው ዜና በመደበቅም ሞከረው፤ ፊልሙ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይታያል።

ጥሩሮቹ የት ገቡ?

አቫንትን የገዛው ሮበርት ስኮት የሚባል የስኮትላንድ መርከብ ሠሪ ነው። ስኮት በ1939 ሲሞት ከ800 በላይ የሆነውን የጦር መሣሪያ ስብስቡን ለግላስጎ ከተማ ተናዘዘ። ሌሎቹን የሄርስት ዕቃዎች ከገዙት መካከል ካርል ኦቶ ፎን ኪንቡሽ የሚባል የኒው ዮርክ የትምባሆ ነጋዴ ይገኝበታል፤ እሱ በ1976 ሲሞት ስብስቡ በኑዛዜ ለፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ። ሳይሸጥ የቀረውን ጥሩር ደግሞ የሄርስት ፋውንዴሽን በ1953 ለዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ሰጠ፤ ዛሬ በተቋሙ ትልቅ አዳራሽ ቆሞ ይታያል። ሳን ሲሚዮን በ1957 ለካሊፎርኒያ ግዛት ተሰጥቶ በማግስቱ ዓመት ለጎብኚ ተከፈተ።

የሴንት ዶናትስ ዕጣ ግን ከሁሉ ይገርማል። በ1960 ግንቡን አንቶኒን ቤስ ልጅየው ገዛው። የቤስ ስም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ አባትየው ዋና መቀመጫውን ኤደን አድርጎ በኢትዮጵያም በስፋት ይነግድ የነበረው የኤ. ቤስ ኩባንያ ባለቤት ነው። ልጅየው ግንቡን ለትምህርት ሰጠው። በ1962 አትላንቲክ ኮሌጅ እዚያ ተከፈተ፤ ዓላማው የልዩ ልዩ አገር ወጣቶች አብረው ተምረው ስለ ሰላም እንዲያስቡ ነው። ሄርስት ጥሩርና ሰይፍ በደረደረበት ግንብ የዓለም ልጆች ይማሩበታል።

ሄርስት ራሱ ከጦርነቱ በኋላ ገቢው ትንሽ አንሰራራለት። ልቡን ስለታመመ ግን በ1947 ሳን ሲሚዮንን ለቅቆ ሐኪም በቅርብ ወደሚገኝበት ወደ ቤቨርሊ ሂልስ ወረደ። ነሐሴ 14 ቀን 1951 በ88 ዓመቱ አረፈ። ተራራው ላይ ወዳለው ግንቡ አልተመለሰም።

ለእኛ የሚተርፈን

ሄርስትን ክፉ ሰው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ ግን እንደዚያ ብቻ ካየነው ምንም የምንማር አይመስለኝም። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም፤ ደንቆሮም አልነበረም። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበትን ዘዴ አሳምሮ ያውቃል፤ በየቀኑም ይሠራበታል። የሠራበት ግን ለሚገዛው ዕቃ ነው እንጂ ለሚሸጠው ዜና አልነበረም።

ዛሬ ግላስጎ ሄዶ አቫንትን የሚያይ ሰው ከጥሩሩ ፊት ቆሞ የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ፣ የማን እንደነበረ ሊያውቅ ይችላል። የ1897 እና የ1898ቱ ጆርናልም በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። የዚያች ወጣት ሥዕልም፣ የሜይንም ፍርድ እዚያው አሉ። ብረቱ ተመርምሮ ስሙን አስጠርቷል፤ ጋዜጣውም ተመርምሮ ባለቤቱን አሳፍሯል። ሁለቱም የሄርስት ናቸው።

እኛ ነገ ዜና ክፍል ስንገባ ግንብ የምንገዛበት ገንዘብ አይኖረንም፤ እሱስ ይቅር። የሰብሳቢው ጥያቄ ግን ገንዘብ አያስፈልገውም። አንድ ሰው ወሬ ሲያመጣልን፣ ፎቶግራፍ ሲያቀብለን፣ መግለጫ ሲልክልን ገልብጠን ጀርባውን ማየት እንችላለን። ማን ሠራው? ከየት መጣ? በመንገድ ላይ ምን ተጨመረበት፣ ምንስ ተቀነሰለት? መልስ ያጣንለትን ነገር ማኅተም ሳንመታበት ማቆየት ነው። አለቃ ቢቆጣም፣ ሌላው ጋዜጣ ቢቀድመንም።

ቸር ወሬ ያሰማን።